ይቅር ብላችሁም ቂሙ ሲመለስ

«ይቅር ብያለሁ» ካላችሁ በኋላ ሰውዬውን ስታዩ ደማችሁ ከፈላ፣ ይቅርታችሁ የውሸት ነበር ማለት አይደለም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ኤቨሬት ዎርዚንግተን እንደሚሉት ላለመበቀል መወሰን አንድ ነገር ነው፣ የልብ መብረድ ደግሞ ሌላ። ሁለተኛው ጊዜ ይፈልጋል። እናታቸው በሰው እጅ የተገደሉባቸው ናቸውና ምክራቸውን ከልቤ ነው የምሰማው።

ወረቀት ያዙ። የሆነውን ስድብ ሳትጨምሩ ጻፉ። ቀጥሎ በዳያችሁ ምን አስቦ ወይም ምን ፈርቶ እንዳደረገው በእሱ ቦታ ሆናችሁ ጻፉ። ከባዱ ይሄ ነው፤ አትቸኩሉ፣ ካቃታችሁ ነገ ተመለሱበት። ከዚያ እናንተም ይቅር የተባላችሁበትን ጊዜ አስታውሱ። በስተመጨረሻ «ይቅር ብያለሁ» ብላችሁ ቀን ጻፉበት። ሌሊት ነገሩ መጥቶ እንቅልፍ ሲነሳችሁ አውጥታችሁ አንብቡት።

ይህ የዎርዚንግተን ዘዴ በኮሎምቢያ፣ በዩክሬንና በደቡብ አፍሪካ ጭምር በ4,598 ሰዎች ላይ ተሞክሮ፣ ከቂም ሌላ ድብርትንና ጭንቀትንም ቀንሷል።

ይቅር ማለት ግን መታረቅ አይደለም። ከሚጎዳችሁ ሰው ራቁ። ወረቀቱንም ለማንም ማሳየት የለባችሁም።