ቀጭኑ ኮምፒውተር ለምን ይንቀረፈፋል? የአነስተኛ ኃይል ፕሮሰሰሮች ችግርና መፍትሄ

ታብሌት ወይም ቁልፍ ሰሌዳው የሚነቀል ኮምፒውተር ገዝተው ቅር የተሰኙ ሰዎች አብዛኞቹ ዕቃውን የመረጡት በፕሮሰሰሩ (የኮምፒውተሩ አንጎል በሆነው ቺፕ) ስምና በጊጋኸርትዙ፣ ማለትም በፍጥነቱ ቁጥር ነው። ዋቱን፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ የሚወስደውን የኃይል መጠን፣ የጠየቀ ጥቂት ነው። ከዚህ በታች ካሉት ችግሮች አንዳንዶቹ ቅንብር በመለወጥ ይቃለላሉ፤ ሌሎቹ መፍትሄ ያላቸው ገንዘቡ ከኪስ ሳይወጣ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ይፈጥናል፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይጎተታል

ሲከፈት ቀልጣፋ ነው። ቪዲዮ ማቀናበር ወይም ረጅም የቪዲዮ ስብሰባ ሲጀመር ግን የጀርባው ሽፋን ይግላል፤ ጠቋሚው እንኳ እየዘገየ መከተል ይጀምራል። ብዙ ሰው ወዲያው ቫይረስ ነው ይላል። ለማጣራት ታስክ ማናጀርን (የኮምፒውተሩን ሥራ የሚያሳየውን የዊንዶውስ መስኮት) ክፈቱና የፕሮሰሰሩን ፍጥነት የሚያሳየውን ገጽ እያያችሁ ከባድ ሥራ አስጀምሩ። በ3 ጊጋኸርትዝ አካባቢ የጀመረው ቁጥር ሥራው ሳያልቅ እየወረደ ሄዶ ከግማሽ በታች ከረጋ፣ ጥፋቱ የሙቀት ወይም የዋት ገደብ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ፕሮሰሰሩ ለአጭር ጊዜ ከተመደበለት ዋት በላይ እንዲወስድ ይፈቀድለታል። ያ ጊዜ ሲያልቅ፣ ወይም ቀጭኑ አካል ሙቀቱን ማስወጣት ሲያቅተው፣ ወደ ዘላቂው ገደብ ይመለሳል። ሳጥኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ግን የአጭሩ ጊዜ ፍጥነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጡትን ሁለት የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ብናይ፣ ኮር አይ5-7200ዩ የተመደበለት 15 ዋት፣ መነሻ ፍጥነቱ 2.5፣ ከፍተኛው 3.1 ጊጋኸርትዝ ነው። ኮር አይ5-7ዋይ54 የተመደበለት 4.5 ዋት፣ መነሻው 1.2፣ ከፍተኛው ደግሞ 3.2 ጊጋኸርትዝ ነው። በሳጥኑ ቁጥር ደካማው አሸነፈ ማለት ነው! ሁለቱም «ኮር አይ5» ይባላሉ፤ ልዩነቱን የምትናገረው መሐል የገባችው «ዋይ» (Y) የተባለች አንዲት ፊደል ናት። ከዚያ በፊት በነበረው ትውልድ የ4.5 ዋቱ ዓይነት ኮር ኤም5 ይባል ስለነበር ቢያንስ ከስሙ ይለይ ነበር። የስም ለውጡ ሻጭን እንጂ ገዢን ጠቀመ ለማለት አልቸገርም።

ዕቃው እጃችሁ ከገባ መፍትሄው ውስን ነው። ከባድ ሥራ ስትሠሩ ከማቀፊያው አውጡት፤ አልጋ ወይም ጭን ላይ ሳይሆን ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ አቁሙት። ቻርጅ ማድረግ ራሱ ሙቀት ስለሚጨምር ከተቻለ ባትሪውን አስቀድማችሁ ሙሉ። የኃይል ቅንብሩ ባትሪ ቆጣቢ ላይ አለመሆኑንም እዩ። የዋት ገደቡን በፕሮግራም ከፍ ማድረግ የሚሞክሩ አሉ፤ ማራገቢያ በሌለው ታብሌት ላይ አልመክርም፤ ትርፉ ሙቀት አጠገቡ ያለውን ባትሪ ያስረጃል።

ገና ካልገዛችሁ ግን የፕሮሰሰሩን ሙሉ መለያ ጽፋችሁ በአምራቹ ገጽ ላይ መነሻ ፍጥነቱንና ዋቱን ፈልጉ። ማራገቢያ እንዳለውም ጠይቁ። ሥራችሁ ጽሑፍ፣ ኢሜይልና ንባብ ከሆነ ከ4.5 እስከ 6 ዋት ይበቃችኋል፤ ዝምታውም ደስ ይላል። ቪዲዮ የምታቀናብሩ ወይም ፕሮግራም የምትጽፉ ከሆነ 15 ዋትና ማራገቢያ ይኑረው። አንድ ዓይነት ፕሮሰሰር የያዙ ሁለት ኮምፒውተሮች እኩል ላይፈጥኑ እንደሚችሉም አስታውሱ፤ ገደቡን የሚወስነው ዕቃውን የገጣጠመው ኩባንያ ነው።

ሁልጊዜ ይንቀረፈፋል፣ ግን አይሞቅም

እዚህ ላይ ፕሮሰሰሩ በሐሰት ተከሷል። ታስክ ማናጀር ላይ የዲስኩ መስመር 100 በመቶ ላይ ተለጥፎ ፕሮሰሰሩ ዘና ብሎ ካገኛችሁት፣ ችግሩ ያለው ራሙ (ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታው) ወይም ማከማቻው ጋ ነው። በርካሽ ታብሌቶች ላይ የሚገጠመው ኢኤምኤምሲ የተባለው ማከማቻ ኤስኤስዲ ከተባለው ፈጣን ማከማቻ በጣም ያዘግማል። ራም ሲያጥር ደግሞ ኮምፒውተሩ የጎደለውን ከዚሁ ዘገምተኛ ማከማቻ ይበደራል።

አንዳንድ ፕሮሰሰሮች ራሳቸው የራም ጣሪያ አላቸው። በብዙ ርካሽ የዊንዶውስ ታብሌቶች ላይ የተገጠመው ኢንቴል አቶም ዜድ3735ኤፍ የሚቀበለው ቢበዛ 2 ጊጋባይት ነው። በታብሌት ውስጥ ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ በኋላ ልጨምር ማለት አይቻልም።

ኮምፒውተሩ ሲነሣ አብረው የሚነሡትን ፕሮግራሞች አጥፉ፣ ማከማቻው ላይ በቂ ክፍት ቦታ ተዉ፣ በአሳሹ የምትከፍቷቸውን ገጾች ቀንሱ። ለዊንዶውስ የምትገዙ ከሆነ ከ8 ጊጋባይት በታች አትውረዱ። በ2023 የወጣው የ6 ዋቱ ኢንቴል ኤን100 ከ8 ጊጋባይትና ከኤስኤስዲ ጋር የቢሮን ሥራ በሚገባ ይወጣል፤ ከ4 ጊጋባይትና ከኢኤምኤምሲ ጋር ሲገጠም ግን ያው ፕሮሰሰር ባለቤቱን ያማርራል።

ያወረዱት ፊልም ይሠራል፣ የኢንተርኔት ቪዲዮ ይቆራረጣል

መስመሩ ደህና መሆኑን በሌላ ስልክ ካረጋገጣችሁ፣ ምክንያቱ የቪዲዮው አጨማመቅ (ፋይሉ እንዲያንስ የታመቀበት ዘዴ) ሊሆን ይችላል። ፕሮሰሰሩ ለአንድ ዓይነት አጨማመቅ የተሠራ ክፍል ካለው ቪዲዮውን ሳይደክም ይፈታዋል፤ ከሌለው ሥራው በሙሉ በዋናዎቹ ኮሮች (በፕሮሰሰሩ የስሌት ክፍሎች) ላይ ይወድቃል፤ ደካማ ኮር ደግሞ አይችለውም። ኤቪ1 የሚባለውን አጨማመቅ በኢንቴል በኩል በዚህ ልዩ ክፍል መፍታት የጀመሩት በ2020 የወጡት የ11ኛ ትውልድ ኮር ፕሮሰሰሮች ናቸው። ኤን100ም ይፈታል። ከእነዚህ በፊት የነበሩት አይፈቱም።

ጥራቱን ወደ 720 ወይም 480 ማውረድ ወዲያው ያቃልላል። አሳሹ ኤች.264 የተባለውን የቆየ አጨማመቅ እንዲጠይቅ የሚያደርጉ ተቀጽላዎችም (ኤክስቴንሽኖች) አሉ፤ ይህን ደግሞ አሮጌዎቹ ፕሮሰሰሮች ሁሉ ያውቁታል።

ፕሮግራሙ ወይም ፕሪንተሩ አልሠራም አለ

ፕሮሰሰሩ የአርም ዓይነት (በስልኮች ላይ የተለመደው፣ ከኢንቴልና ከኤኤምዲ የተለየው) መሆኑን እዩ። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የማይክሮሶፍት ታብሌት ሰርፌስ አርቲ የተለመዱትን የዊንዶውስ ፕሮግራሞች ጨርሶ አይጭንም ነበር። ዛሬ ዊንዶውስ 11 በአርም ላይ አብዛኞቹን በትርጉም (ትእዛዛቸውን ለአርም እየተረጎመ) ያስኬዳል፤ ድራይቨር (ዊንዶውስ መሣሪያን የሚያዝበት ፕሮግራም) ግን በትርጉም አይሄድም፣ ለአርም ተብሎ የተጻፈ መሆን አለበት። ስለዚህ አሮጌ ፕሪንተር፣ ስካነር ወይም የላቦራቶሪ መሣሪያ ያለው ሰው አስቀድሞ ከመሣሪያው አምራች ያጣራ። ካልተገኘ የኢንቴል ወይም የኤኤምዲ ፕሮሰሰር ያለውን መግዛት ነው።

ቦርሳ ውስጥ ሳለ ባትሪው ያልቃል

አዳዲስ ኮምፒውተሮች ክዳናቸው ሲዘጋ እንደ ስልክ ያሸልባሉ እንጂ አይተኙም፤ ከበስተጀርባ ኢሜይልና ማሻሻያ ያመጣሉ። በማግስቱ ከቦርሳ ሲወጣ ሞቆ ባትሪው ካለቀ ምክንያቱ ይህ ነው። በኃይል ቅንብር ውስጥ ክዳኑ ሲዘጋ «ሃይበርኔት» እንዲያደርግ፣ ማለትም የተከፈተውን ሥራ ማከማቻው ላይ አስቀምጦ እንዲጠፋ እዘዙት። ሲነሣ ጥቂት ሰከንድ ይዘገያል፤ ባትሪው ግን በነበረበት ይቆያል።

ተሰክቶም ባትሪው የሚቀንስ ከሆነ ቻርጀሩን አገላብጣችሁ አንብቡ። 5 ቮልት 3 አምፒር የሚል ከሆነ የሚሰጠው 15 ዋት ብቻ ነው፤ ስክሪኑን፣ ፕሮሰሰሩንና ባትሪውን አንድ ላይ ላይመግብ ይችላል።

አዲሱ ዊንዶውስ አልገባም አለ

ዊንዶውስ 11 በኢንቴል በኩል ከጥቂቶች በስተቀር የሚቀበለው ከ8ኛው ትውልድ ጀምሮ ያሉትን ነው። ስለዚህ ከላይ ያነሣናቸው ሁለቱ የ2016 ፕሮሰሰሮች 7ኛ ትውልድ ስለሆኑ ከውጭ ቀርተዋል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም በጥቅምት ወር 2025 እ.ኤ.አ. አብቅቷል። ያገለገለ ዕቃ ስትገዙ ዋጋው ለምን እንደረከሰ ከዚህ አንጻር መዝኑት።

ያለውን ለማቆየት በዊንዶውስ ምትክ ሊኑክስ የተባለውን ነፃ ሥርዓት መሞከር ይቻላል። በአቶም ታብሌቶች ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ ፕሮሰሰሩ ባለ 64 ቢት ሆኖ ሳለ ማስነሻ ሶፍትዌሩ ብዙ ጊዜ ባለ 32 ቢት ስለሆነ የተለመደው የመጫኛ ፍላሽ አይነሣለትም። ባለ 32 ቢት ማስነሻ ፋይል የተካተተበትን የሊኑክስ ዓይነት ፈልጉ። ዊንዶውሱን ከማጥፋታችሁ በፊትም ከፍላሹ አስነሥታችሁ ንክኪው፣ ድምፁ፣ ካሜራውና ዋይፋዩ መሥራታቸውን አንድ በአንድ ሞክሩ።