ቴሌስኮፑ አልተበላሸም፦ ከግቢ ሆኖ ሰማይን ለሚመለከት ሰው ችግርና መፍትሄ

ውጭ አገር ያለ ዘመድ የላከው ወይም ብር ተቆጥቦ የተገዛ ቴሌስኮፕ በመጀመሪያው ምሽት አላሳይ ይልና በሳምንቱ ቁም ሣጥን ላይ ይወጣል። እንዲህ ሆኖ የቀረ ስንት ደህና መሣሪያ አለ! የሚያስቆጨው ደግሞ እንደ አዲስ አበባ ለዚህ የሚመች ከተማ ብዙ አለመኖሩ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምንኖር ከራሳችን በላይ ያለው አየር ሳሳ ያለ ነው። ክረምቱ ከወጣ በኋላ ከጥቅምት እስከ የካቲት ጥርት ያለ ሌሊት አይጠፋም። በ9 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ በመሆናችንም የሰሜኑንም የደቡቡንም ሰማይ ከሞላ ጎደል እናያለን። በሚያዝያ መጨረሻ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ወደ ሰሜን ቢዞሩ ትልቁ ድብ፣ ወደ ደቡብ ቢዞሩ የደቡብ መስቀል በአንድ ጊዜ ይታያሉ። ለንደን ያለ ሰው ሁለተኛውን ከቶ አያየውም፤ ሲድኒ ያለው ደግሞ የመጀመሪያውን በቅጡ አያገኘውም።

ከዚህ በታች ያሉት ጀማሪዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው እክሎች ናቸው። አብዛኞቹ ከመሣሪያው አይመነጩም። ምንጫቸው የተቀመጠበት ቦታ፣ ከመጠን ያለፈ ማጉላት፣ አንዳንዴም ለሌላ አገር ሰማይ የተጻፈ የመመሪያ ወረቀት ነው።

ምንም አይታይም፣ ጨለማ ብቻ ነው

መጀመሪያ ክዳኑን ይመልከቱ። በብዙ ቴሌስኮፖች ትልቁ የፊት ክዳን መሐል ላይ ሌላ ትንሽ ክዳን አለ። ትንሿ ብቻ ከተከፈተች የሚገባው ብርሃን እጅግ ያንሳል፤ ጨረቃ ልትታይ ብትችልም ደብዛዛ ከዋክብት አይታዩም። ትልቁ ክዳን ሙሉ በሙሉ መነሣት አለበት።

ቀጥሎ ትንሹን የዓይን ሌንስ ይፈትሹ። ላዩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ባነሰ መጠን የሚያጎላው ይበልጣል፤ የሚታየው የሰማይ ስፋት ግን ያንኑ ያህል ይጠባል። 4 ወይም 6 የሚለውን አድርጎ ኮከብ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። ሁልጊዜ በ25 ወይም በ20 ይጀምሩ።

ሁለቱም ደህና ሆነው አሁንም ካልታየ፣ ከዋናው ቱቦ ጎን ያለችው አነጣጣሪ ከዋናው ጋር አልተስማማችም ማለት ነው። የብዙ ሰው ችግር ይህ ነው፤ በሌሊት ለማስተካከል መሞከሩም ችግሩን ያብሰዋል። ሥራው የቀን ነው። ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ፣ ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘቀዝቅ፣ ቱቦውን ወደ ምሥራቅ ያዙሩና ቢያንስ ግማሽ ኪሎ ሜትር የሚርቅ ነገር ይምረጡ፤ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ላይ ያለ መስቀል፣ የመስጊድ ሚናራ ጫፍ ወይም የስልክ ማማ ይሆናል። በትልቁ ቁጥር ሌንስ መሐል ላይ ያስገቡትና ማቆሚያውን ያጥብቁ። ከዚያ ዋናውን ቱቦ ሳይነኩ የአነጣጣሪዋን ትንንሽ ብሎኖች እያዞሩ ያው መስቀል በመሐሏ እንዲውል ያድርጉ። በአነስተኛው ቁጥር ሌንስ አንድ ጊዜ ይድገሙት። ሩብ ሰዓት የማይሞላ ሥራ ነው፤ ማታ የሚያድነው ጊዜ ግን ብዙ ነው።

ወደ ምሥራቅ ያልኩት በከንቱ አይደለም። ቴሌስኮፕ ለቅጽበት እንኳ ወደ ፀሐይ ዞሮ ቢታይበት ዓይን ለዘለቄታው ሊጠፋ ይችላል። በዓይን ሌንሱ ላይ የሚገጠመውን ጥቁር የፀሐይ ማጣሪያ በሳጥኑ ውስጥ ካገኙት ሰባብረው ይጣሉት፤ በሙቀት ይሰነጠቃል። ፀሐይ የሚታየው የቱቦውን አፍ ሙሉ በሙሉ በሚሸፍን፣ ለዚሁ ተብሎ በተሠራ ማጣሪያ ብቻ ነው። ልጆች ባሉበት ግቢ መሣሪያው በቀን ተገትሮ ብቻውን አይተው።

ምስሉ ጥርት አይልም

እዚህ ላይ ምልክቶቹን መለየት ያስፈልጋል፤ ምክንያታቸው አንድ አይደለምና።

ፎከሱን ወዲያም ወዲህም ቢያዞሩ ምስሉ ትልቅና ድፍን ያለ ግራጫ ከሆነ፣ ያጎሉት ከአቅሙ በላይ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ የቴሌስኮፑን የፎከስ ርዝመት (ከፊት ሌንሱ ወይም ከመስተዋቱ ብርሃኑ እስከሚሰበሰብበት ያለውን ርቀት) በዓይን ሌንሱ ቁጥር ያካፍሉ። ርዝመቱ 700 ሚሊ ሜትር ሆኖ ሌንሱ 10 ከሆነ 70 ጊዜ ያጎላል። ሻጮች 700ን ለ4 አካፍለው፣ ማጉላቱን ሦስት እጥፍ በሚያደርግ ባርሎው በተባለ ተጨማሪ ሌንስ አባዝተው ሳጥኑ ላይ «525 ጊዜ» ብለው ይጽፋሉ። የፊት ሌንሱ 60 ሚሊ ሜትር የሆነ መሣሪያ ግን በጥሩ ሌሊት የሚችለው የስፋቱን ሁለት እጥፍ፣ ማለትም 120 ጊዜ ያህል ነው። ከዚያ በላይ ብዥታው ብቻ ይጎላል። ባርሎው ሌንሱን ያውጡት፤ ጀማሪ ብዙም አያጣውም።

የፎከስ ቁልፉ እስከ መጨረሻው ሄዶም ምስሉ ካልተሰበሰበና ቴሌስኮፑ ባለ ሌንስ ከሆነ፣ ብርሃኑን በማዕዘን የምታጥፈዋ ባለ መስተዋት ክርን ሳትገባ ቀርታ ይሆናል። ያለ እርሷ ርዝመቱ አይበቃም።

ሦስተኛው ዓይነት እጅግ የተለመደው ነው፦ ጁፒተር ለቅጽበት ጥርት ይልና ወዲያው ይርገበገባል፣ ፍም ከሆነ ከሰል በላይ ያለ ነገር ሲታይ እንደሚሆነው። የሚንቀሳቀሰው አየር ነው። አንድ ቤት ውስጥ የቆየ ቱቦ በኅዳር ብርድ ሲወጣ በውስጡ ያለው ሞቃት አየር እስኪወጣ ድረስ ይታወካል፤ ግማሽ ሰዓት አስቀድመው ያውጡት፤ ባለ መስተዋት ትልቅ መሣሪያ ከሆነ አንድ ሰዓት ይስጡት። ቀን ሙሉ ፀሐይ የመታው የሲሚንቶ ግቢም እስከ ሌሊት ድረስ ሙቀት ይተፋል፤ ሣር ወይም አፈር ካለ እዚያ ይትከሉት። የማድ ቤቱ ጭስ ማውጫ በሚመለከቱበት አቅጣጫ ካለ ቦታ ይቀይሩ። ፕላኔቷ ገና ከአድማስ ብቅ ያለች ከሆነች ደግሞ ትንሽ ይታገሱ፤ ከፍ ስትል የምታቋርጠው አየር ይቀንሳል። ከራስዎ በላይ ያሉት ከዋክብት ሳይቀሩ ክፉኛ በሚብለጨለጩበት ሌሊት ፕላኔትን ይተዉና በትንሽ ማጉያ ሰባቱን ከዋክብት (ፕሌያዲስ የሚባሉትን) ይመልከቱ፤ እነርሱ አየር ቢታወክም ውበታቸው አይቀንስም።

አራተኛው በባለ መስተዋቶቹ ላይ የሚደርስ ነው። ከዋክብት ሁሉ በአንድ አቅጣጫ ጭራ ካወጡ መስተዋቶቹ ከመሥመራቸው ወጥተዋል፤ በመንገድ ላይ መንገጫገጭ ይህን ያመጣል። አንድ ደማቅ ኮከብ መሐል አስገብተው ፎከሱን ሆን ብለው ትንሽ ያበላሹት። የሚታዩት ክቦች አንዱ በሌላው መሐል ከሆኑ መስተዋቱ ደህና ነው። ወደ አንድ ወገን ካጋደሉ፣ ከቱቦው ግርጌ ያሉትን ሦስት ማስተካከያ ብሎኖች በሩብ ዙር እያዞሩ፣ በእያንዳንዱ ዙር ኮከቡን ወደ መሐል እየመለሱ ያስተካክሉ።

ምስሉ ተገልብጦ መታየቱ ግን ብልሽት አይደለም፤ ለሰማይ ላይና ታች የለውም።

መመሪያው «የሰሜን ኮከብን ፈልግ» ይላል፣ የለም

ይህ የእኛ አገር ችግር ነው። ባለ ሚዛን ክብደት የሆነው፣ ዘንጉ ወደ ሰሜን ኮከብ የሚያጋድለው ማቆሚያ ሲሠራ የታሰበው ለአውሮፓና ለሰሜን አሜሪካ ሰማይ ነው። እዚያ ኮከቡ በሰማይ አጋማሽ ላይ ይቆማል። አንድ ቦታ ላይ ኮከቡ ከአድማስ ያለው ከፍታ ከቦታው ኬክሮስ ጋር እኩል ስለሆነ፣ አዲስ አበባ ላይ 9፣ ሐዋሳ ላይ 7፣ መቀሌ ላይ ደግሞ 13 ዲግሪ ተኩል ገደማ ብቻ ነው። እጅዎን ዘርግተው ቢጨብጡ የጡጫዎ ስፋት 10 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል፤ አዲስ አበባ ላይ ኮከቡ ከዚያ በታች ነው ማለት ነው። የጎረቤት ፎቅ፣ አጥር ወይም ዛፍ በቀላሉ ይጋርደዋል፤ እንጦጦ ሥር ለሚኖር ሰው ተራራው ራሱ ሊከልለው ይችላል።

መፍትሄው ኮከቡን መፈለግ መተው ነው። የስልክ ኮምፓስ ሰሜንን ያሳያል፤ ከማቆሚያው ብረት ራቅ ብለው ይለኩ። በማቆሚያው ላይ ያለውን የኬክሮስ ልኬት 9 ላይ ያድርጉና ዘንጉን ወደ ሰሜን ያቅኑ። በዓይን ለማየት ይህ ከበቂ በላይ ነው። አንዳንድ ማቆሚያዎች እስከ 9 አይወርዱም፤ ሌሎቹ ሲወርዱ ክብደቱ ከእግሩ ጋር ይጋጫል። እንዲህ ሲሆን በሰሜን በኩል ያለውን እግር ማሳጠር ወይም ከደቡቡ እግር ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ ማስገባት የጎደለውን ዲግሪ ይሞላል። ዘንጉ ያኔ ወደ ሰሜን ዝቅ ይላል፤ እንዳይወድቅ መረጋጋቱን በእጅ ገፋ አድርገው ይፈትሹ።

ገና ያልገዛ ሰው ቢጠይቀኝ ግን ምክሬ አንድ ነው፦ ወደ ላይና ወደ ጎን ብቻ የሚሄድ ተራ ማቆሚያ ወይም መሬት ላይ የሚቀመጥ ዶብሶኒያን የተባለ ማቆሚያ ያለው ይግዙ።

የእነዚህም ድክመት ልክ አናት ላይ ያለን ነገር መያዝ ማስቸገራቸው ነው፤ ለእኛ ደግሞ ኦሪዮን የተባለው የከዋክብት ስብስብ በጥርና በየካቲት ምሽት ወደ አናት ይጠጋል። አንድ ሁለት ሰዓት ቀደም ብለው ወይም ዘግይተው ይመልከቱት። ሰማዩ በሰዓት 15 ዲግሪ ስለሚዞር ወዲያው ወደሚመች ቦታ ይወርዳል።

ያገኘሁት ነገር ያመልጠኛል፤ በነካሁት ቁጥርም ይንቀጠቀጣል

የሚያመልጠው ምድር ስለምትዞር ነው። የሚታየው ስፋት የሙሉ ጨረቃን ያህል፣ ግማሽ ዲግሪ ከሆነ፣ በሰማይ ወገብ አካባቢ ያለ ኮከብ በሁለት ደቂቃ ያቋርጠዋል። ለመንቀጥቀጡ የማቆሚያውን እግሮች ያሳጥሩና ወንበር ላይ ተቀምጠው ይመልከቱ፤ ከሦስቱ እግሮች መሐል ግማሽ ውኃ የያዘ ትንሽ ጀሪካን ቢያንጠለጥሉ ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል።

ፎቶግራፍ ላይ ያየሁት ቀለም የለም

የለም፣ አይኖርምም። ካሜራ ለረጅም ጊዜ ብርሃን ያጠራቅማል፤ ዓይን አያጠራቅምም፣ በጨለማ ደግሞ ቀለም የመለየት አቅሙ ይዳከማል። የአንድሮሜዳ ጋላክሲ ግራጫ ጭጋግ ሆኖ ይታያል። ያ ጭጋግ ግን 2.5 ሚሊዮን ዓመት ተጉዞ ዓይንዎ ውስጥ የገባ ብርሃን ነው፤ የትኛውም ፎቶግራፍ ይህን አይሰጥም።

የሚታየውን ከፍ ማድረግ ግን ይቻላል። ዓይን ጨለማን ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፤ አንድ ጊዜ ስልክ ከፍተው ካዩ እንደገና ከዜሮ ነው። ካርታ ማየት ካስፈለገ ደብዛዛ ቀይ መብራት ይጠቀሙ። የጎረቤት መብራት ከጎን የሚረብሽ ከሆነ ጋቢውን እስከ ዓይን ሌንሱ ድረስ ራስዎ ላይ ይከናነቡ፤ ይህን የሚተካ መሣሪያ አላየሁም። ደብዛዛን ነገር ፊት ለፊት አይፍጠጡበት፤ ትንሽ ወደ ጎን ሲመለከቱ ጎልቶ ይወጣል። የሰፈሩ መብራት የጠፋበት ምሽት ከሆነ ሌላውን ሁሉ ትተው ወደ ግቢ ይውጡ፤ የኦሪዮን ኔቡላ (በከዋክብቱ መሐል ያለው የጋዝ ደመና) ክንፎች የሚዘረጉት ያን ጊዜ ነው።

ጨረቃ ስትሞላ ደብዛዛውን ሁሉ ታጠፋለች፤ ራሷም ቢሆን ጥላ ስለማይኖራት ጠፍጣፋ ትመስላለች። ለጨረቃ የሚሻለው ሰባትና ስምንት ቀን ሲሆናት ነው። ብርሃንና ጨለማ በሚገናኙበት መስመር ላይ የተራሮቹ ጥላ ይረዝማል፤ በማግስቱ ደግሞ 93 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው የኮፐርኒከስ ጉድጓድ ግድግዳ ከጨለማው ሲወጣ ይታያል።

ሳተርን ትንሽ ናት ብለው አይዘኑ። በ50 ጊዜ ማጉላት እንኳ ቀለበቷ ከአካሏ ተለይቶ ሊታይ ይችላል። በአንዳንድ ዓመታት ግን ቀለበቱ ጠርዙን ወደ እኛ ያዞራል፤ መጋቢት 2017 ዓ.ም. እንዲህ ሆኖ ነበር። ከዚያ ወዲህ ለጥቂት ዓመታት ቀጭን መስመር መስሎ ቢታይ መሣሪያዎን አይውቀሱት፤ በየዓመቱ እየሰፋ ይሄዳል።

ከክረምት በኋላ ሌንሱ ላይ ነጭ ድር የመሰለ ነገር ወጣ

ሻጋታ ነው። ከሐምሌ እስከ መስከረም በታሸገ ሻንጣ ውስጥ እርጥበት ይዞ የከረመ ሌንስ ላይ ይበቅላል። ከሥር ከሰደደ የሌንሱን ሽፋን ስለሚበላ የካሜራ ጠጋኝ ቢያየው ይሻላል። መከላከሉ ቀላል ነው፦ በጤዛ የረጠበን መሣሪያ ክፍት አድርጎ ማድረቅ፣ ከዚያ ከአዲስ ጫማ ሳጥን የሚገኙትን እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች አብሮ ማስቀመጥ። ተራ አቧራን ግን በጨርቅ አይጥረጉ፤ መስተዋቱን ይጭረዋል። ትንሽ አቧራ ምስሉን አይጎዳም።

እኔ ያየሁትን ልጆቹ አያገኙትም

ልጅ ቱቦውን በእጁ ይዞ ነው የሚያየው፤ ሲነካው ደግሞ ጁፒተር ትወጣለች። እጁን ወደ ኋላ አድርጎ እንዲያይ ይንገሩት፣ ቁመቱም ካልደረሰ በርጩማ ላይ ያቁሙት። የሚታየው ስፋት ሰፊ በሆነበት ሌንስ ይጠቀሙ፤ ፕላኔቷንም መሐል ላይ ሳይሆን ተንቀሳቅሳ ወደ መሐል በምትገባበት ጠርዝ በኩል ያድርጓት፤ ያን ጊዜ ልጁ ዓይኑን እስኪያደላድል ድረስ አታመልጥም። «አየህ?» ብለው አይጠይቁት፤ ላለማሳፈር አዎ ይላል። ስንት ነጥብ ከጎኗ እንዳለ ይጠይቁት። ጋሊሊዮ በ1610 እ.ኤ.አ. ያያቸው አራቱ ጨረቃዎች ናቸው፤ አንዳንዴ ሦስት ወይም ሁለት ብቻ ይታያሉ፣ ሌሎቹ ከፊቷ ወይም ከኋላዋ ይሆናሉና። ወረቀት ሰጥተው ያየውን እንዲነጥብ ያድርጉት፤ ከራት በኋላ እንደገና ያሳዩት፤ አዮ የተባለችው በተለይ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ቦታዋን ስለምትቀይር ሁለተኛው ሥዕል ከመጀመሪያው ይለያል።