ክለባችሁ ዓመቱን ሙሉ ሲያቃጥላችሁ እንዴት ትደግፉታላችሁ

መጀመሪያ፣ የእግር ኳስ ክለቤን ስም አልጠራም። የፈረሰኞቹም (የጊዮርጊስ) የቡናማዎቹም (የኢትዮጵያ ቡና) የመቻልም የመድንም ደጋፊ እስከ መጨረሻው እንዲያነበው ስለምፈልግ ነው። የሁላችንም ህመም አንድ ነው፣ ማሊያው ነው የሚለያየው።

ዘንድሮ የተሸነፍንበት መንገድ ነው ያቃጠለኝ። 1 ለ 0 እየመራን 80ኛው ደቂቃ ላይ ደርሰን፣ ከዛ 2 ለ 1 ተሸንፈን ከግሮሰሪ ወጥቼ ለገሃር ጋ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ማንም ምንም ሳይለኝ አይኔ እንባ ያቀረረበት ቀን አለ። ቤት ስገባ ባለቤቴ "ምነው ፊትህ?" አለችኝ፣ ራሴን አሞኛል አልኳት። ይሄን የሚያውቅ ያውቀዋል። ተረጋጉ ልላችሁ አይደለም የምፅፈው፣ እኔም አልተረጋጋሁም። ግን ንዴቴን ማን ላይ እና ለምን እንደማወጣ ካወቅኩ በኋላ በጣም ስለተሻለኝ እንዴት እንዳረግኩት በዝርዝር ልንገራችሁ።

የምታዩበትን ቤት ምረጡ። ድሮ ይሄ ጥያቄ አልነበረም። አዲስ አበባ ስታዲየም ትገባለህ፣ ኪስህ ካለው ጥላ ፎቅ፣ ከሌለው ካታንጋ ወይ ሚስማር ተራ፣ አስጨፋሪው ከፊት ቆሞ ይመራሃል አንተ ትጮሃለህ፣ ብትሸነፍም ጮኸህ ወጥቶልህ ነው ወደቤት የምትሄደው። ከ2013 ጀምሮ ግን የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ ይካሄድ ጀመር፣ ጅማ ባህር ዳር ድሬዳዋ ሀዋሳ አዳማ እያለ፣ እኛ ደግሞ እዚ በዲኤስቲቪ ነው ያየነው። ማለት የጮህክበት ሰው አይሰማህም። ንዴቱ ውስጥህ የሚቀረው ለዛ ይመስለኛል። ስለዚ ቢያንስ አብሮህ የሚናደድ ሰው ያለበት ቤት ያስፈልጋል። እኔ ድሮ ፒያሳ ነበር የማየው፣ ሰፈሩ ሲፈርስ ቤቱም ሄደ ሰዉም ተበተነ፣ አሁን ከስታዲየም ጀርባ አንዲት ግሮሰሪ ነው የምንሰበሰበው።

አንድ ማወቅ ያለባችሁ ነገር፣ የቅዳሜ 12 ሰአት ጨዋታ ካለ ቀድማችሁ ባለቤቱን አናግሩት። እንግሊዞቹ ሰአታቸውን ሲቀይሩ የቅዳሜ ጨዋታቸው በኛ 12 ሰአት ላይ ይውላል፣ አርሰናልና ማንቼ እያሉ ቻናሉን ይገለብጡባችኋል። እኛ ከነሱ ጋር መጨቃጨቅ ትተን ስድስት ሆነን ቀድመን እንሄዳለን፣ ማኪያቶውንም ድራፍቱንም ቀድመን እናዛለን፣ ባለቤቱ ስድስት ሰው እንደሚያጣ ካወቀ ትንሿን ቲቪ ለኛ ይከፍትልናል። የ9 ሰአት ጨዋታ ደግሞ በስራ ቀን ከሆነ በቃ ከስራ አትጥፉ፣ ውጤቱን ሳትሰሙ ማታ ድጋሚውን ማየት ይሻላል፣ ስልካችሁ ላይ የክለቡን የቴሌግራም ግሩፕ ሚውት አርጋችሁ።

አሁን ዋናው። ደብተር ያዙ።

ይሄን ያስተማሩኝ እዛችው ግሮሰሪ ጥግ ላይ የሚቀመጡ ጋሼ ናቸው። ስማቸውን አልናገርም፣ አይወዱም። ሁሌ ባለ ካሬ የሂሳብ ደብተርና ሰማያዊ ቢክ እስክሪብቶ ይዘው ነው የሚመጡት፣ ሽፋኑ በላስቲክ ተለብጧል፣ ጠርዙ ግን ከመገለጡ ብዛት የተነሳ እንደ ጨርቅ ሆኗል። ጎል ሲገባ ሁላችንም ራሳችንን ይዘን ስንጮህ እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው ይፅፋሉ። መጀመሪያ ላይ ክለቡ ግድ የማይሰጣቸው መስሎኝ ነበር፣ በጣም ተሳስቼ ነበር። አንድ ቀን ደብተሩን እንዲያሳዩኝ ለመንኳቸውና የመጀመሪያው ገፅ ላይ ስድስት ቁጥር ብቻ ነው ያለው፣ 35፣ 74፣ 75፣ 84፣ 101፣ 117። ምንድነው ጋሼ ስላቸው "ቁጭ በል" አሉኝ።

የ1954ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ፍፃሜ ነው፣ ከግሮሰሪያችን ጀርባ ባለው በዚሁ ስታዲየም፣ ኢትዮጵያ ከግብፅ። 35ኛው ላይ ግብፅ አገባች። 74 ላይ ተክሌ ኪዳኔ አቻ አረገን፣ ሰው ደስታውን ሳይጨርስ 75 ላይ ግብፅ ደገመች። ያን ሰአት ተስፋ ቆርጦ የወጣ ሰው ነበር አሉኝ፣ ጋሼ ያኔ ልጅ ነበሩ፣ ከአጥሩ ውጪ ሆነው ጩኸቱን ነበር የሚሰሙት። 84 ላይ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ 2 ለ 2 አረገው፣ በጭማሪ ሰአት ወንድሙ ኢታሎ 101 ላይ፣ መንግስቱ ወርቁ ደግሞ 117 ላይ፣ 4 ለ 2 ዋንጫውን በላን። "ቀድመህ ስትነሳ ይሄን አስብ" ብለው ደብተሩን ከደኑት። ከዛ ቀን ወዲህ የዳኛው ፊሽካ ሳይነፋ ተነስቼ አላውቅም።

እሺ ደብተሩ ላይ ምን ይፃፋል? ለአንድ ጨዋታ አንድ ገፅ። ከላይ ቀኑ፣ ከማን ጋር፣ የት ከተማ፣ ስንት ሰአት። ሰአቱን አትዝለሉት፣ ድሬዳዋ በ9 ሰአት ፀሀይ መጫወትና ማታ መጫወት አንድ አይደለም። ከስር የገባብን ጎል ደቂቃውና በየት በኩል እንደመጣ፣ በግራ ነው በቀኝ፣ በመሀል ነው፣ ከቆመ ኳስ ነው። ኳሷን መጀመሪያ ያስነጠቀው ማነው የሚለውንም ፃፉ፣ ይሄ ነው ከባዱ፣ ምክንያቱም ሁላችንም የምናየው የመጨረሻውን ሰው ነው። ከዛ ያገባነው ጎል እንደዛው። ቅያሪ በስንተኛው ደቂቃ፣ ማን ወጥቶ ማን ገባ። ዳኛው አበላሸብን ካላችሁ ደቂቃውን ፃፉና ፍርዱን በማግስቱ ድጋሚውን ካያችሁ በኋላ ወስኑ፣ በዛው ሰአት አትወስኑ። በቃ ይሄው ነው። ስለ ኳስ ቁጥጥር ፐርሰንት ምናምን አትጨነቁ፣ ግሮሰሪ ውስጥ ሆናችሁ እሱን መቁጠር አትችሉም።

አሁን የኔ ደብተር ምን እንዳለኝ ስሙ። እኔ ግማሽ ዓመት በረኛችንን ስሳደብ ነው የከረምኩት። እጁ ቅቤ ነው፣ አይወጣም፣ ቆሞ ያያል፣ ያላልኩት የለም። አስራ ምናምን ጨዋታ ከፃፍኩ በኋላ አንድ እሁድ ጠዋት ቁጭ ብዬ ገፆቹን ስገልጥ ከገባብን ጎል አብዛኛው በግራ በኩላችን የመጣ ነው፣ ደቂቃው ደግሞ 70 ካለፈ በኋላ። በረኛው ያየሁት የመጨረሻ ሰው ስለሆነ ነው። ዳኛውም እንደዛው፣ ዓመቱን ሙሉ "ዳኛ በላን" ስል ነበር፣ ድጋሚውን አይቼ እውነትም ብዬ የፃፍኩት ሁለት ጨዋታ ብቻ ነው። ደነገጥኩ። ያንን በረኛ በስሙ እየጠራሁ በቴሌግራም ግሩፑ ላይ የፃፍኩትን ሁሉ አጠፋሁ።

ስለዚ አንድ ነገር አጥብቄ ልለምናችሁ፣ ተጫዋቹ ገፅ ላይ ሄዳችሁ ስድብ አትፃፉ። እናቱ ታነበዋለች። የብዙ ክለቦች በጀት ከከተማ አስተዳደርና ከመንግስት ተቋም የሚመጣ ነው፣ በጀት ሲዘገይ ደሞዝ ይዘገያል፣ ደሞዝ ሳይከፈላቸው ወራት ተጫውተው አቤቱታ ያስገቡ ተጫዋቾች በሊጋችን በተደጋጋሚ ሰምተናል። ደሞዙን ያልበላ ልጅ 88ኛው ደቂቃ ላይ ለምን ዘገየ ብላችሁ ከመፍረድ በፊት እሱንም አጣሩ።

ቤቲንግ። በራሳችሁ ክለብ ላይ ትኬት አትቁረጡ፣ ያሸንፋልም ብላችሁ ይሸነፋልም ብላችሁ። ሁለት ጓደኞቼ ክለባቸው እየተሸነፈ በውስጣቸው ደስ ሲላቸው አይቻለሁ፣ ትኬት ስለቆረጡ። ሌላ ምን ልጨምርበት።

በዓመት አንዴ ቢሆን በአካል ሂዱ። ሊጉ አዳማ ሲመጣ ሰበብ የለንም፣ ከአዲስ አበባ መቶ ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፣ ከቃሊቲ መናኸሪያ መኪና አለ፣ በፈጣን መንገዱ ሳታስቡት ትደርሳላችሁ። ምረጡ ከተባለ የ9 ሰአቱን ጨዋታ ምረጡ፣ የማታው ካለቀ በኋላ መመለሻ ያስቸግራል፣ አራት ሆናችሁ መኪና ካልያዛችሁ በስተቀር። ቀድማችሁ ግቡ፣ ማሟሟቂያው ሳይጀመር። ከሁሉም በላይ የምትከፍሉት ለሱ ነው፣ ቲቪ የማያሳያችሁን የምታዩት እዛ ነው።

እኔ ያየሁት የግራ ተከላካያችንን ነው። ሌሎቹ እየሮጡ ሲያሟሙቁ እሱ መስመሩ ዳር ተቀምጦ ሀኪሙ ጭኑን በፋሻ ይጠቀልልለታል፣ ይነሳል፣ ሁለት እርምጃ ይሮጣል፣ ይቆማል፣ ፋሻውን በእጁ ይጫነዋል፣ ደግሞ ይሮጣል። ከዛ ገብቶ ተጫወተ። 70ኛው ደቂቃ አካባቢ እግሩን መጎተት ጀመረ፣ የተጋጣሚ አሰልጣኝም አይቶታል መሰለኝ ፈጣኑን ክንፍ ወደሱ ቀየረው። ተጠባባቂ ወንበሩን አየሁ፣ ለዛ ቦታ የሚሆን ሰው የለም፣ ሁለተኛው ልጅ በዝውውር ሄዷል በሱ ፋንታም አላመጡም። ደብተሬ ላይ ሲጠራቀም የነበረው ነገር ሁሉ በአንድ ጊዜ ገባኝ። በረኛው አይደለም፣ ያ ልጅም አይደለም፣ አንድ ሰው ብቻ ይዞ ውድድር የጀመረ ሰው አለ። በመልሱ መንገድ ላይ አንድ ቃል አልተናገርኩም፣ ግን እንደ ሌላው ጊዜ ደረቴን አልከበደኝም።

የሌላ ክለብ ደጋፊ ሙድ ሲይዝባችሁ መልስ አትስጡ፣ በተለይ በሸገር ደርቢ (ጊዮርጊስና ቡና ሲገናኙ) ሰሞን፣ በቃ ሻይ ጋብዙት። ወረድን አለቀልን የሚለውን የራሳችሁን ሰው ግን መልሱለት፣ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ከከፍተኛ ሊግ (ከፕሪሚየር ሊጉ በታች ካለው) ባደገ በመጀመሪያው ዓመት፣ በ2016፣ ዋንጫውን እንደበላ ንገሩት። መውረድ እንኳን ቢመጣ ክለብ ከዛ ይመለሳል ማለት ነው።

የመጨረሻው ጥያቄውን ለሚመለከተው ማቅረብ ነው። አብዛኛው ሰው እዚ ጋ ነው የሚያበላሸው፣ ደጋፊ ማህበር ስብሰባ ላይ ማይክ ሲይዝ "ክለባችን የት ሄደ፣ የድሮው ወኔ የት አለ" ብሎ አስር ደቂቃ ያለቅሳል፣ መድረኩ ላይ ያሉት ሰዎች ደግሞ "የደጋፊውን ስሜት እንረዳለን" ብለው ያልፉታል። እንደዛ አይነት ጥያቄ መልስ የለውም። ስብሰባው ሳይደርስ ደብተራችሁን አንብቡ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ምረጡ፣ ቁጥር ያለበት፣ በአንድ ትንፋሽ የሚያልቅ። ቀድማችሁ ለሁለት ሰው አንብቡለት፣ ካልገባቸው አሳጥሩት። ከፊት ተቀመጡ፣ እጃችሁን መጀመሪያ ዙር ላይ አውጡ፣ በሁለተኛው ዙር ሰው ሁሉ ወደ ታክሲ ነው የሚያስበው።

እኔ ተነስቼ እንዲ አልኩ፣ "ዘንድሮ ለግራ ተከላካይ ስንት ተጫዋች ነው ያስመዘገብነው? በጥር ሁለተኛው ሲሄድ በሱ ምትክ ለምን ሰው አልመጣም? የገባብን ጎል አብዛኛው በዛ በኩል ነው፣ ቀኑና ደቂቃው ይሄው።" ደብተሩን ከፍ አርጌ ያዝኩት። አዳራሹ ዝም አለ። መድረክ ላይ የነበሩት ሰውዬ ጎናቸው ያለውን ሰው አዩት፣ ከዛ ወረቀት አውጥተው ፃፉ፣ "ቀኖቹን ብትሰጠን" አሉኝ። ስብሰባው ሲያልቅ ገፆቹን በስልካቸው ፎቶ አነሱ። የግራ ተከላካይ ያመጣሉ አያመጡም በክረምቱ ዝውውር እናየዋለን፣ እኔ ግን በዚህ ዓመት ያን ቀን ብቻ ነው ከክለቤ ጋር ያወራሁት የመሰለኝ።

ጋሼ ከኋላ ተቀምጠው ነበር። ሲወጡ ደብተሬን ተቀብለው ገለጥ ገለጥ አረጉና የቅያሪ ደቂቃ ሦስት ቦታ ላይ እንደረሳሁ አሳዩኝ።

ደብተሩን ከአሁኑ ግዙ። ባለ ካሬውን፣ ወፍራሙን፣ መስመር ያለው አይመችም። መስከረም ሲገባ ወላጅ ሁሉ ለልጁ ስለሚሸምት ይወደዳል፣ ላስቲኩንም እዛው አስለብጡት።