ሐምሌን ዱባይ፦ መንገደኛ ደጋግሞ የሚሳሳታቸው ነገሮች

ከአዲስ አበባ ጭቃና ብርድ ተነሥቶ ዱባይ የሚወርድ ሰው ከአየር ማረፊያው ሲወጣ ፊቱን የሚመታው እንፋሎት አክንባሎ ሲነሣ ከምጣዱ የሚወጣው ዓይነት ነው። በሐምሌና በነሐሴ ቀኑ ከ40 ዲግሪ በላይ ይውላል፤ ሌሊቱም ከ30 ብዙ አይወርድም። ሰውነት ይህን ለመልመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል፤ የብዙ ሰው ጉብኝት ግን ከዚያ በፊት ያልቃል።

ከሁሉ የሚያናድደው ስህተት የሰዓት ነው። ሰዉ አርፍዶ ይነሣል፣ ቁርሱን ተዝናንቶ ይበላል፣ አምስት ሰዓት ላይ «ገበያው ቅርብ ነው፣ በእግር እንሂድ» ይላል። የስልኩ ካርታ አሥራ አምስት ደቂቃ ብሏላ! ካርታው ርቀት እንጂ ፀሐይ አይቆጥርም። በዴራ ሰፈር አሮጌ ገበያ ብዙው ሱቅ ሰባት ሰዓት ገደማ ለዕረፍት ይዘጋል፤ የሚከፍተው ወደ አሥር ሰዓት ነው። ስለዚህ እንግዳችን ፌስታሉን አንጠልጥሎ፣ የያዘውን ውሃ ጨርሶ፣ ጥላ የሌለው አስፋልት ዳር ታክሲ ሲጠብቅ ራሱን ማዞር ይጀምረዋል። የአገሩ ሕግ እንኳ ከሰኔ 8 እስከ መስከረም 5፣ በእኛ አቆጣጠር ከ6፡30 እስከ 9፡00 ሰዓት፣ ፀሐይ ላይ ማሠራትን ይከለክላል። ግንበኛው ወደ ጥላ የሚገባበትን ሰዓት ለሽርሽር መምረጥ ምን ይባላል? የውጪውን ጉዳይ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በፊት ወይም ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ ጨርሱ፤ መካከሉን ሞልና ሙዚየም ይሙላው። ገበያው ደግሞ የሚደምቀው ማታ ነው።

«ሙቀትማ አውቃለሁ፣ የድሬ ልጅ ነኝ» የሚልም አለ። የድሬ ሙቀት ደረቅ ነው፤ ላብ ይተናል፣ ሲተንም ገላን ያቀዘቅዛል። ዱባይ ባሕር ዳር ስለሆነች አየሩ በእርጥበት ይሞላል፤ ላቡ ይንጠባጠባል እንጂ አይተንም። በዚህ ምክንያት እርጥበት ያለው የ34 ዲግሪ ምሽት ከደረቅ የ42 ዲግሪ ቀትር ሊከብድ ይችላል። ባሕሩ ያበርደኛል ብላችሁም አትገስግሱ፤ በነሐሴ ውሃው ራሱ ከ30 ዲግሪ በላይ ነው።

ውሃ እስኪጠማ መጠበቅ፣ ከዚያ አንድ ሊትር በአንዴ መገልበጥ ሌላው ነው። ውጪ ስትንቀሳቀሱ በየ15 እና 20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ በቂ ነው፤ በሰዓት ከአንድ ሊትር ተኩል አትለፉ፣ ባዶ ውሃ ሲበዛ የደምን ጨው ያቀጥናል። ብዙ ካላባችሁ አንድ ከረጢት ኦአርኤስ በአንድ ሊትር ውሃ በጥብጡ። ሜትሮ ውስጥ ግን አትጠጡ፤ ቅጣቱ 100 ድርሃም ነው።

ከነሐሴ 1 እስከ 15 ፍልሰታን የምትጾሙ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይቀምሱ ከተማ መዞር አይሆንም። ቀኑን ቤት ውስጥ ዋሉ፣ ውጪውን ከማዕድ በኋላ ለምሽት አስተላልፉት። ስኳር ወይም ግፊት ያለባችሁ ከመነሣታችሁ በፊት የነፍስ አባታችሁንም ሐኪማችሁንም አማክሩ።

ነጠላ ወይም ስስ ሹራብ ሳይዙ መውጣት የሚያስቅ ይመስላል። በላብ የራሰ ፖሊስተር ለብሶ ኤሲ ወደሚነፍስበት ሞል የገባ ሰው ግን አይስቅም።

ቀዝቃዛውን ቧንቧ ከፍቶ ጀርባውን የሚለበለበውም ብዙ ነው። ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ ቀኑን ሙሉ ሲግል ይውላል። የነዋሪው ዘዴ ይህ ነው፦ ቦይለሩን አጥፉት፣ ከዚያ የሙቁን ቧንቧ ክፈቱ። ቦይለሩ ውስጥ የተጠራቀመው ውሃ ኤሲ ባለበት ቤት ስለቆየ ከጣሪያው ይሻላል። ውሃው ግን ቶሎ ያልቃል።

ኢንሱሊን ከ30 ዲግሪ በላይ አይቀመጥም፤ የቆመ መኪና ውስጥ ከተረሳ ጣሉት። ትራማዶልና ኮዴን ያለባቸው መድኃኒቶች እዚያ ቁጥጥር አለባቸው፤ ያለ ማዘዣና ያለ ቅድመ ፈቃድ ሻንጣ ውስጥ አትክተቱ። ልጅ መኪና ውስጥ ለአንድ ደቂቃም አይተውም።

የመጨረሻው ስህተት «ላቡ አልቆመም፣ ደህና ነው» ማለት ነው። በሙቀት የተመታ ሰው እያላበውም ሊሞት ይችላል። ምልክቱ የላቡ መቆም ሳይሆን የአእምሮው መዛባት ነው፦ ንግግሩ ይምታታል፣ ይንገዳገዳል፣ ገላው እሳት ይሆናል። ወዲያው ወደ አምቡላንስ፣ 998፣ ደውሉ። ወደ ጥላ ወስዳችሁ ልብሱን አውልቁ፣ መላ ገላውን ውሃ እያርከፈከፋችሁ አራግቡለት፣ በረዶ ካለ አንገቱ፣ ብብቱና ብሽሽቱ ላይ አድርጉ። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አታፍስሱ።