ክንድ የማይጎዳ ራኬት እንዴት ይመረጣል?

ሁለት ወር ሙሉ የበር ቁልፍ የማዞረው በግራ እጄ ነበር። ቀኝ ክርኔ ላይ፣ በውጭ በኩል ጉብ ያለችው አጥንት አካባቢ፣ ዕቃ ባነሳሁ ቁጥር ጠቅ ያደርገኛል። ሐኪሙ ገና ሳይነካኝ «ቴኒስ ይጫወታሉ?» አለኝ።

ከዚያ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ አዲስ ራኬት ገዝቼ ነበር። የመረጥኩት ቀላል ስለነበረ ብቻ ነው። ቀላል ነገር እጅ አያደክምም ብዬ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚሁ ላይ ነው።

የቴኒስ ኳስ 57 ግራም ገደማ ብትመዝንም የምትመጣው በፍጥነት ነው። ቀላል ራኬትን ወደ ኋላ ትገፋዋለች። ከመሃል ወጣ ብላ ካረፈች ደግሞ እጃችሁ ውስጥ ታዞረዋለች። እንዳይዞር ብላችሁ እጀታውን ጭምቅ ታደርጋላችሁ፤ ያን ጊዜ ክርን ላይ ያለው ጅማት ይጎተታል። ከበድ ያለ ራኬት ግን ምቱን ራሱ ይሸከምላችኋል።

ለአብዛኛው አዋቂ ተጫዋች ከነገመዱ ከ300 እስከ 320 ግራም ጥሩ ነው። ልብ በሉ፣ ፍሬሙ ላይ የሚጻፈው ክብደት ብዙ ጊዜ ያለ ገመድ ነው። ገመዱ 15 ግራም ያህል ይጨምራል። ራኬቱ ከብዷችሁ ኳሷ ላይ የምትዘገዩ ከሆነ ግን ቀነስ አድርጉ፤ ዘግይቶ መምታትም ክንድ ይጎዳል።

ክብደቱ ወዴት እንደሚያደላ ደግሞ በጣታችሁ ማወቅ ትችላላችሁ። ራኬቱን አጋድማችሁ አንድ ጣት ላይ አስቀምጡት። መደበኛ ራኬት ርዝመቱ 68.5 ሴንቲሜትር ስለሆነ መሃሉ 34 ሴንቲሜትር አካባቢ ነው። ሚዛኑን የሚጠብቀው ከመሃሉ ወደ እጀታው ቀረብ ብሎ ከሆነ ያ ለክንድ ይመቻል።

ቀጥሎ የፍሬሙ ግትርነት ነው። አርኤ በሚባል ቁጥር ይለካል። ከ65 በታች ያለው ምቱ ሲያርፍበት ለመጥ ይላል። ከ70 በላይ የሆነው አይለመጥም፤ ኳሷን በኃይል ይመልሳል፣ ንዝረቱን ግን ለእናንተ ይተወዋል። ዊልሰን የተባለው ኩባንያ የሚሠራው ክላሽ የተሰኘ ራኬት በተለማጭነቱ ይታወቃል። ፕሮኬኔክስ የተባለው ሌላው ኩባንያ ደግሞ ንዝረት እንዲውጡ ፍሬሙ ውስጥ ጥቃቅን እንክብሎች የሚያስገባባቸው ራኬቶች አሉት።

ይህን ሁሉ ብዬ፣ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ገመዱን እዩ እላለሁ። በእኔ እምነት ከፍሬሙ ይልቅ ብዙ ክንድ ያበላሸው ፖሊስተር ገመድ ነው። ታላላቅ ተጫዋቾች ይጠቀሙበታል፣ እውነት ነው። እነሱ ግን በኃይል ይመታሉ፣ ገመዱንም ቶሎ ቶሎ ያስቀይራሉ። ፖሊስተር ሳይበጠስ ይሞታል፤ መለጠጡን ያጣል። በሳምንት አንዴ የሚጫወት ሰው ስላልተበጠሰ ብቻ ወራት ሙሉ በሞተ ገመድ ይመታል። የእኔም ፖሊስተር ነበር፣ ያውም በ58 ፓውንድ ጥብቅ ተደርጎ የተወጠረ። አስቆረጥኩትና መልቲፊላመንት የሚባለውን፣ ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተሠራ ለስላሳ ገመድ በ50 አስወጠርኩ። ልዩነቱ ከመጀመሪያዎቹ ምቶች ጀምሮ ነው የተሰማኝ። አቅሙ ላለው ደግሞ ከከብት አንጀት የሚሠራውን ገመድ የሚያህል ለስላሳ የለም።

ገመዶቹ መሃል የምትሰካዋ ትንሽ ጎማ ድምፅ ትቀንሳለች እንጂ ክንድ አታድንም። በእሷ አትተማመኑ።

የእጀታው ውፍረት ግን ችላ አይባልም። ራኬቱን ስትይዙ በጣቶቻችሁ ጫፍና በመዳፋችሁ መካከል የሌላኛው እጅ ጠቋሚ ጣት ልክክ ብሎ መግባት አለበት። ካልገባ እጀታው ቀጥኗል። ያኔ ላዩ ላይ አንድ ቀጭን ግሪፕ፣ ማለትም የእጀታ መጠቅለያ፣ ጠምጥሙበት።

ሕመሙ ያለባችሁ መጀመሪያ ዕረፍትና ሕክምና ያስፈልጋችኋል፤ ራኬት መድኃኒት አይደለም። ሲሻላችሁ ከመግዛት በፊት ተውሳችሁ ሞክሩ። አሥር ደቂቃ አይበቃም፣ አንድ ሰዓት ተጫወቱበት፤ ሰርቭም ምቱ። ፍርዱን ግን ለማግስቱ አቆዩት። ጠዋት ተነስታችሁ ቁልፍ አዙሩ፣ ውኃ የሞላ ማሰሮ አንሱ። ክርናችሁ ጠቅ ካደረጋችሁ ራኬቱን መልሱት።