አሮጌ ፍሊፐር ኤሌክትሪኩ ሲበላሽ ከየት እንጀምር?

እስከ 1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ድረስ በቺካጎ የተሠሩት የጎትሊብ፣ የባሊና የዊሊያምስ ኩባንያዎች ፍሊፐሮች (ኳስ በክንፍ እየተመታ ነጥብ የሚሰበሰብባቸው የጨዋታ ማሽኖች) በውስጣቸው ኮምፒውተር የላቸውም፤ ነጥብ የሚቆጥሩትም ሆነ ደወል የሚደውሉት በሪሌ (በኤሌክትሪክ በሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ)፣ በኮይል (ጅረት ሲያልፍበት ማግኔት በሚሆን የሽቦ ጥቅል) እና በብዙ ትናንሽ ኮንታክቶች (ሲገጥሙ ጅረት በሚያሳልፉ የብረት ጫፎች) አማካይነት ነው። ስለዚህ ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ፣ በአንድ ቡና ቤት ጥግ ለዓመታት ሸራ ለብሶ የቆመ ማሽን «ሞቷል» ሲባል፣ አብዛኛውን ጊዜ ሰበቡ የተቃጠለ ዕቃ ሳይሆን አቧራ የያዘው ወይም የተጣመመ ኮንታክት ነው።

ስፒናውን ከመሰካትዎ በፊት ትራንስፎርመሩ ላይ የተጻፈውን ቮልት ያንብቡ። ለ120 ቮልት የተሠራ ማሽን በቀጥታ ከ220 ቮልታችን ጋር ከተገናኘ ጥገናው እዚያው ያበቃል፤ በመካከል ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል። ይህ ግን ቮልቱን እንጂ ድግግሞሹን ስለማይለውጥ፣ ለ60 ኸርዝ የተሠራው የነጥብ ሞተር (የነጥብ ቆጠራውን የሚያስኬደው ሞተር) በእኛ 50 ኸርዝ በአንድ ስድስተኛ ገደማ ቀስ ብሎ ቢዞር እንደ ብልሽት አይቁጠሩት። የድሮው ገመድ ሁለት ሽቦ ብቻ ከሆነ ምድር ባለው ገመድ ይተኩት፤ የማሽኑ ብረት ሁሉ በተጫዋች እጅ የሚነካ ነውና።

ቀጥሎ ፊውዙን አውጥተው በቴስተር ይለኩት፤ በዓይን ደህና መስሎ የተቋረጠ ፊውዝ ብዙ ነው። በሽቦ መጠምጠም የለመደ እጅ እዚህ ላይ ይታቀብ፤ ፊውዙ ያዳነውን ኮይል ሽቦው ያቃጥለዋል።

ይበልጥ ትዕግሥት የሚጠይቁት ኳሷን የሚመልሱት ሁለቱ ክንፎች ናቸው። የእያንዳንዱ ክንፍ ኮይል ሁለት ጥቅል አለው፤ አንዱ ወፍራም ሆኖ በኃይል ይመታል፣ ሌላው ቀጭን ሆኖ ክንፉን ከፍ እንዳለ ይይዛል። ክንፉ ምቱን ሲጨርስ አንድ ኮንታክት ተከፍቶ ጅረቱን በቀጭኑ ጥቅል በኩልም እንዲያልፍ ያስገድደዋል። ኮንታክቱ ካልተከፈተ ኮይሉ ግሎ ይቃጠላል፤ ቆሽሾ በደንብ ካልገጠመ ደግሞ ክንፉ ይልፈሰፈሳል። ለማረጋገጥ ስፒናውን ነቅለው በኮይሉ ሁለት ጫፎች ላይ ኦም (ሽቦው ጅረትን የሚቋቋምበትን መጠን) ይለኩ፤ ኮንታክቱ ገጥሞ ሳለ ጥቂት ኦም ይነበባል፣ በመሃሉ ወረቀት ሲያስገቡ ቁጥሩ በብዙ እጥፍ መጨመር አለበት። ወረቀቱ ካልገባ ኮንታክቱ ተጣብቋል፤ ገብቶም ቁጥሩ ካልጨመረ ኮይሉ ውስጥ ውስጡን ተገናኝቶ ሊሆን ይችላል። የዚህ ኮንታክት ጫፍ ጠንካራ ተንግስተን ስለሆነ የመኪና ፑንቲና በሚሞረድበት ቀጭን ሞረድ ማጽዳት ይቻላል፤ በሪሌዎቹ ላይ ያሉት የብር ኮንታክቶች ግን በአልኮል ከረጠበ ካርቶን በቀር ሌላ አይንካቸው።

አዲስ ጨዋታ ሲጀመር ሞተሩ መዞሩን ካላቆመ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከነጥብ መንኮራኩሮቹ (ነጥቡን ከሚያሳዩት ቁጥር የተጻፈባቸው ጎማዎች) አንዱ ዜሮ ላይ አልደረሰም ማለት ነው። እያንዳንዱ መንኮራኩር ዜሮ ላይ ሲቆም የሚከፈት ኮንታክት ስላለው፣ ሁሉም እስኪከፈቱ ማሽኑ ይሞክራል። መንኮራኩሩን በእጅ ሲያዞሩት ከከበደ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የደረቀ ግራሶ ነው፤ በአልኮል አጥቦ ማድረቅ እንጂ ዘይት መጨመር አያስፈልግም፣ በድሬዳዋ አቧራ ዘይት የነካው ሁሉ ባጭር ጊዜ ጭቃ ይሆናል።