ከድሬዳዋ ወደ ቁልቢ ለሚወጡ ተጓዦች፦ የታኅሣሥን ብርድ ውጭ አድሮ በደህና ማለፍ

ለታኅሣሥ 19 የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ከድሬዳዋ የሚወጣ ምእመን ብዙ ጊዜ የሚሸከመው ስንቅና ስለት እንጂ የብርድ ልብስ አይደለም። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ ቁልቢ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩም በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። በዚያ ላይ ደመና በሌለው የታኅሣሥ ሌሊት መሬቱ የቀን ሙቀቱን ፈጥኖ ስለሚለቅ፣ ብርዱ ሊነጋጋ ሲል ይበረታል።

ተጓዡን የሚጎዳው ብርድ የሚጀምረው ዳገቱ ካለቀ በኋላ ነው። የደንገጎን አቀበት በእግሩ የወጣ ሰው የውስጥ ልብሱ በላብ ይርሳል፤ የረጠበ ጥጥ ደግሞ ሙቀት አይይዝም፣ እንዲያውም ከገላ ላይ ይወስዳል። ስለዚህ ሲጓዙ ስስ ልብስ ይልበሱ፤ ካልሲን ጨምሮ ሙሉ ቅያሪ በፌስታል ጠቅልለው ይያዙና እንደደረሱ፣ ገላዎ ሳይቀዘቅዝ፣ ይቀይሩ። ከደረቁ ልብስ በላይ የሱፍ ሹራብ፣ ከዚያም ነፋስ የማያስገባ ጃኬት ይደርቡ፤ ጋቢው ከሁሉም በላይ ይሁን። ራስንና ጆሮን መሸፈን አይዘንጋ። ሁለት ብርድ ልብስ ያለው ሰው አንዱን ከሥሩ ቢያነጥፍ ይሻለዋል፤ ሰሌንና ካርቶንም የመሬቱን ቅዝቃዜ ይከላከላሉ።

ወቅቱ ጾመ ነቢያት ቢሆንም ሰውነት ሙቀት የሚያመነጨው ከምግብ ነውና በመብል ሰዓት ቆሎ፣ የባቢሌ ለውዝና ተምር በደንብ ይብሉ፤ ትኩስ ሻይም ይጠጡ። አረቄ ግን የቆዳን የደም ሥሮች አስፍቶ የውስጥ ሙቀትን ስለሚያስወጣ፣ ሞቀኝ ያሰኛል እንጂ አያሞቅም።

ከሁሉ አጥብቄ የምለምነው ስለ ከሰል ነው። የተቀጣጠለ የከሰል ምድጃ ወደ ድንኳን፣ በሸራ ወደተጋረደ ማደሪያ ወይም ወደ መኪና ከቶ አይግባ። ጭሱ ጠፍቶ ፍሙ የቀላ ከሰል እንኳ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ፣ ሽታም ቀለምም የሌለው መርዛማ ጋዝ ያወጣል፤ ነቅቶ ያለ ሰው በራስ ምታትና በማቅለሽለሽ ሊያውቀው ይችላል፣ የተኛ ሰው ግን ሳይነቃ ሊሞት ይችላል። በር ገርበብ ማድረግም ዋስትና አይሆንም። ሞተር አስነስቶ መኪና ውስጥ መተኛትም እንዲሁ ያሰጋል። በዚህ ፈንታ ያልፈላ ሙቅ ውኃ በሃይላንድ ሞልተው፣ በካልሲ ጠቅልለው ብርድ ልብስ ውስጥ ይያዙ።

የውስጥ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ በታች የወረደ ሰው ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው። መንቀጥቀጡ ከምላስ መተሳሰር፣ ከመደነቃቀፍና ከድብታ ጋር ከመጣ አይናቁት፤ በብርድ ላይ እያለ መንቀጥቀጡ በራሱ ካቆመ ደግሞ ብሶበታል ማለት ነው። ሕፃናት ብዙ ጊዜ ስለማይንቀጠቀጡ ደረታቸውንና አንገታቸውን በእጅ እየዳሰሱ ማየት ያስፈልጋል። እንዲህ ያለውን ሰው ከነፋስ አስጠልለው፣ እርጥብ ልብሱን አውልቀው፣ በደረቅ ነገር ጠቅልለው አስቀድመው ደረቱንና ብብቱን ያሙቁ፤ ጤነኛ ሰው አብሮት ብርድ ልብስ ውስጥ ቢገባም ይረዳል። እጅና እግሩን አይሹት፣ እሳት ዳርም አያስጠጉት። ነቅቶ በደንብ መዋጥ ከቻለ ጣፋጭ ሙቅ ሻይ ይስጡት፤ ይህ ሁሉ ሲደረግ ሌላ ሰው በአቅራቢያ ወዳለ የሕክምና ተቋም የሚያደርስ መኪና ይፈልግ።